ናትናኤል ሄረስሆፍና መንታ ጀልባው

ለዘንድሮው መጽሔት የአንድ ዝነኛ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ በታዘዝሁ ጊዜ፥ ከክፍል ጓደኞቼ ብዙዎቹ ከነገሥታት ወይም ከአርበኞች አንዱን እመርጣለሁ ብለው ገምተው ነበር። እኔ ግን የመረጥሁት አንድ አሜሪካዊ የጀልባ መሐንዲስ ነው። ይህን በነገርኋቸው ጊዜ ሣቁብኝ። በእርግጥም የሚያሥቅ ይመስላል። አገና ባሕር የላት፥ ሐይቅ የላት፤ ያለን ደጋና እንሰት፥ ክረምት ሲገባም የሚሞላ ወንዝ ነው። እኔም ራሴ ከሥዕል በቀር ሸራ የተሰቀለበት ጀልባ አይቼ አላውቅም። ነገር ግን ስለዚህ ሰው እንድጽፍ ያደረጉኝ ሁለት ምክንያቶች ስላሉ እነሱን አስቀድሜ ልናገር።

አንደኛው የፊዚክስ ትምህርት ነው። መምህራችን ስለ ኀይል መደመርና መከፋፈል ሲያስተምሩን በሰሌዳው ላይ አንዲት ባለ ሸራ ጀልባ ሣሉና፥ ነፋስ ከፊት ለፊቷ እየመጣባት እንዴት አድርጋ ወደ ፊት ልትሄድ እንደምትችል ጠየቁን። ከመካከላችን የመለሰ አልነበረም። እሳቸው በቀስት እየሠሩ ካስረዱን በኋላ እኔ ነገሩ ስላልወጣልኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ጀልባ የሚናገር አንድ አሮጌ መጽሐፍ አገኘሁ። በውስጡም ጢሙን ያሳደገ፥ ፊቱ ኮስተር ያለ የአንድ ሽማግሌ ፎቶግራፍ ነበረበት። ስሙ ናትናኤል ግሪን ሄረስሆፍ ይባላል።

ሁለተኛው ምክንያት ወንድሜ ነው። ታላቅ ወንድሜ በልጅነቱ ዐይኑን ታሞ ብርሃኑን ያጣ ሰው ነው። እቤታችን ደጃፍ ተቀምጦ ቃጫ እየገመደ ገመድ ይሠራል፤ ቅዳሜና ማክሰኞ እኔ ይዤለት ገበያ እወጣለሁ። የዚያ መሐንዲስ ታላቅ ወንድምም ዐይነ ስውር እንደ ነበረ፥ ሁለቱም ወንድማማቾች አንድ ላይ ሆነው በዓለም የታወቀ የጀልባ ፋብሪካ እንዳቆሙ ባነበብሁ ጊዜ መጽሐፉን መልሼ ለማስቀመጥ አልቻልሁም። ከዚህ በታች ያሉትን ዘመኖች ሁሉ የጻፍኋቸው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

ናትናኤል የተወለደው ማርች 18 ቀን 1848 ዓ.ም. ነው። የተወለደባት ከተማ ብሪስቶል ትባላለች፤ ሮድ አይላንድ በተባለችው በአሜሪካ ከክፍላተ ሀገር ሁሉ በምታንሰው ውስጥ በባሕር ዳር የምትገኝ ናት። ወላጆቹ ዘጠኝ ልጆች ነበሯቸው። አባቱ የጀልባ ነገር የሚወድ ሰው ስለ ነበረ ልጆቹ ከመራመድ ቀጥሎ የተማሩት ሸራ መያዝ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን በቤቱ ላይ አንድ ከባድ ነገር ነበረበት፤ ከልጆቹ ከአንድ በላይ የሚሆኑት ዐይናቸው ጠፋ። ከእነዚህም አንዱ ጆን ብራውን ሄረስሆፍ ሲሆን፥ ከናትናኤል በሰባት ዓመት ይበልጥ ነበር። ጆን ፈጽሞ ማየት የተሳነው ገና ዐሥራ አምስት ዓመት ገደማ ሳለ ነው። ልጁ በዚያን ጊዜ ጀልባ መሥራት ጀምሮ ነበርና፥ ከዚያ በኋላም ሥራውን አልተወም። እሱ በእጁ እየዳሰሰ፥ ታናሹ ናት ደግሞ ዐይን እየሆነለት ይሠሩ ጀመር።

በ1860 ዓ.ም. ስፕራይት የምትባል ስድስት ሜትር ያህል ርዝመት ያላት ጀልባ ሠሩ። ናት ገና ዐሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ነበር፤ ሆኖም ከእንጨት ከተቀረጸው ምሳሌ ላይ ልኩን እያነሣ ያሰላ የነበረው እሱ ነው። በእኛ ክፍል በዚያ ዕድሜ ከሬሾ ጋር የምንታገል ስንት እንደ ነበርን መቍጠር አልፈልግም። ስፕራይት አንድ ሸራ ብቻ ነበራት፤ ምሰሶዋም ከአፍንጫዋ አጠገብ የቆመ ነበር። ይህን አንባቢ ልብ ብሎ ይያዝልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል።

ናት በ1866 ዓ.ም. ያን ጊዜ በቦስተን ወደ ነበረው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ገብቶ ለሦስት ዓመት የሜካኒክ ምህንድስና ተማረ። ከዚያም ፕሮቪደንስ በተባለችው ከተማ በኮርሊስ የእንፋሎት መኪና ፋብሪካ ተቀጠረ። ቀን ቀን የእንፋሎት መኪና ንድፍ ይሠራል፤ ማታ ማታና በበዓል ቀን ስለ ጀልባ ያስባል። ሌላው ሰው ሁሉ ጀልባ ለማፍጠን ከታች ብዙ ክብደት ከላይ ብዙ ሸራ በሚጨምርበት ዘመን፥ እሱ የተገላቢጦሽ ሐሳብ ይዞ ተነሣ። ከአንድ ሰፊ ጀልባ ይልቅ ሁለት ቀጫጭን ጀልባዎችን ጎን ለጎን አድርጎ ማያያዝ ነው።

በእርግጥ ይህ ነገር ለዓለም አዲስ አልነበረም። በሰላማዊ ውቅያኖስ ደሴቶች የሚኖሩ ሕዝቦች በእንዲህ ያለው መንታ ጀልባ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሩቅ ባሕር ሲያቋርጡ ኖረዋል። ካታማራን የሚለው ስሙም የእንግሊዝኛ ሳይሆን የሕንድ ታሚሎች ቃል ነው፤ ትርጓሜውም የታሰረ እንጨት ማለት ነው። ለእኛ ለጉራጌ ልጆች ከዚህ የቀለለ ትርጉም አይገኝም፤ ቤታችንም አጥራችንም የታሰረ እንጨት ነውና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ጀልባን መንታ ማድረግ ሥራው ግማሽ ነው፤ ሌላው ግማሽ ምን ዓይነት ሸራ፥ በምን ዓይነት ምሰሶ ላይ ይሰቀልበት የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ለመረዳት ብዙ ቀን ፈጅቶብኛልና እኔ እንደ ገባኝ አድርጌ እገልጸዋለሁ።

አንድ አካል ያለው ጀልባ ነፋስ ሲበረታበት ወደ ጎን ያዘነብላል። ባዘነበለ መጠንም ሸራው አብሮ ስለሚዘነብል ነፋሱ በላዩ ያልፋል፤ ስለዚህ ማዘንበሉ ለምሰሶውና ለገመዱ እንደ እፎይታ ነው። መንታ ጀልባ ግን ሁለት እግሩን አንፈራጥጦ እንደ ቆመ ሰው ስለሆነ በቀላሉ አያዘነብልም። ነፋሱ በመጣበት ኀይል ሁሉ በምሰሶው፥ በገመዱና በስፌቱ ላይ ያርፋል። ምሰሶው ካልበረታ ይሰበራል፤ እጅግ ከበረታ ደግሞ ይከብድና ጀልባው ቀጭን የሆነበት ጥቅም ይጠፋል። ሸራው ወደ ላይ ከረዘመ የላይኛውን ነፋስ ያገኛል፤ ነገር ግን ረጅም ዘንግ እንደ ጨበጠ እጅ ሆኖ የጀልባውን አፍንጫ ውኃ ውስጥ ይደፍቃል። ጎጆ ሲሠራ አይተን የለም እንዴ? ሽማግሌዎች ለምሰሶ የሚሆነውን እንጨት የሚመርጡት የቤቱን ስፋት አስቀድመው ከወሰኑ በኋላ ነው። ያማረ ግንድ ስለ ተገኘ ብቻ አይተከልም።

ሁለተኛም ነገር አለ። መስቀል በደረሰ ጊዜ በጀፎሮው ላይ ፈረስ የጋለበ ሰው እንደሚያውቀው፥ ነፋስ በሌለበት ቀን እንኳ ፈረሱ ሲፈጥን ነፋስ ከፊት ይመታል። ፈጣን ጀልባም እንዲሁ ነው፤ ራሱ በሚሮጠው ሩጫ ምክንያት የጎኑን ነፋስ ከፊት እንደመጣ አድርጎ ይቀበለዋል። ስለዚህ ለዝግተኛ ጀልባ የሚመቸው እንደ ሆድ የተነፋ ሸራ ለመንታ ጀልባ እንቅፋት ይሆንበታል። ጠፍጣፋና ወጠር ተደርጎ የተያዘ ሸራ ያስፈልገዋል።

ሦስተኛው ነፋስን ተቃርኖ መሄድ ነው። ወደ ነፋሱ ፊት ለፊት መሄድ የሚችል ባለ ሸራ ጀልባ የለም፤ እኛ አቀበት ስንወጣ እንደምንጠማዘዘው አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ እየታጠፈ ይወጣል። ከባድ ጀልባ በሚታጠፍበት ጊዜ ክብደቱ ራሱ ገፍቶ ያሻግረዋል። ቀላል መንታ ጀልባ ግን አፍንጫው ወደ ነፋሱ ሲዞር ቀጥ ብሎ ይቆምና ወደ ኋላ መንሸራተት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ከፊት በኩል ትንሽ ሸራ ቢኖር ነፋሱ በተቃራኒ ፊቱ ገብቶ አፍንጫውን ገፍቶ ያዞርለታል።

እንግዲህ ናት በአንድ ሸራ ጀልባ ላይ ያደገ ልጅ ሆኖ ሳለ፥ ለመንታ ጀልባው የመረጠው ሁለት ሸራ ነው፤ አንድ ዋና ሸራ ከምሰሶው በስተኋላ፥ አንድ አነስተኛ ሸራ ከምሰሶው በስተፊት። ምሰሶው ከሁለቱ አካላት በአንደኛውም ላይ ሳይሆን በመካከላቸው ቆመ። ሁለቱን አካላት ያያያዛቸውም በደረቅ ግንድ ቸንክሮ አይደለም። እንደ ሰው ትከሻ በሚዞር መጋጠሚያ አገናኛቸው፤ ስለዚህ አንዱ በማዕበል ሲነሣ ሌላው በራሱ ማዕበል ላይ ይወርዳል፤ ሸራውን የያዘው ክፍል ግን ብዙ አይናወጥም። እኔ ስለዚህ መጋጠሚያ ባነበብሁ ጊዜ ከሥራዎቹ ሁሉ ያስደነቀኝ እሱ ነበር።

ነገሩን በዐይኔ ለማየት ፈልጌ ባለፈው ክረምት ከቀርከሃ ጀልባዎች ሠርቼ በኩሬ ላይ ሞከርኋቸው። ሸራው ፌስታል ነው፤ ገመዱ የወንድሜ ቃጫ። ባለ አንዱ ጀልባ ወዲያው ተገለበጠ። መንታው ቆመ፤ ቆሞም ምንም አልሄደም፤ ሸራው አነስተኛ ነበርና። ሸራውን አስረዝሜ ብሰቅለው ነፋስ ሲመታው ፈትለክ ብሎ ሄደና በመካከል አፍንጫውን ደፍቆ ከነሸራው ሰጠመ። በሦስተኛው ቀን ሸራውን አሳጥሬ፥ ወርዱን ጨምሬ፥ ምሰሶውን አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ባደርገው ኩሬውን ተሻገረ። እረኞች ልጆች ተሰብስበው ያዩ ነበር፤ ለእነሱ ግን የሚገለበጠው ይበልጥ ደስ ይላቸው ነበር።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። 1876 ዓ.ም. ለአሜሪካኖች ነጻነታቸውን ካወጁ መቶ ዓመት የሞላበት በዓል ነበረ። ለእኛ ደግሞ አፄ ዮሐንስ በጉራ ላይ የግብፅን ጦር ድል ያደረጉበት ዓመት ነው። አሜሪካኖች በፊላደልፊያ ታላቅ ትርኢት አዘጋጅተው፥ ናት የሚሠራበት የኮርሊስ ፋብሪካ ያበጀውን ግዙፍ የእንፋሎት መኪና በዚያ አቆሙ። በዚያው ዓመት በሰኔ በኒው ዮርክ ባሕር የመቶኛው ዓመት የጀልባ እሽቅድድም ተደረገ። ናት ሰባት ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያላትን መንታ ጀልባውን አማሪሊስን ይዞ ቀረበ። ዕድሜው ሃያ ስምንት ነበር።

በመጀመሪያ ነፋሱ ደካማ ስለ ነበር አማሪሊስ ወደ ኋላ ቀረች። በዳር ቆመው የሚመለከቱት ሰዎች የቀለዱባት ይመስለኛል፤ ለዐይን የለመዱት ዓይነት አልነበረችምና። በኋላ ግን ነፋሱ ተነሣ። ያን ጊዜ እነዚያ ብዙ ገንዘብ የወጣባቸው ሸራቸው ብዙ የሆነ ጀልባዎች ወደ ጎን እያዘነበሉ ሲታገሉ፥ እሷ ቀጥ ብላ ቆማ በመካከላቸው እያለፈች ሁሉንም ጥላቸው ሄደች። እሽቅድድሙንም አሸነፈች።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር እኔን እስካሁን ያናድደኛል። የተሸነፉት የጀልባ ባለቤቶች አቤቱታ አቀረቡ። አማሪሊስ ሕግ ጥሳለች ለማለት አልቻሉም፤ መንታ ጀልባ የሚከለክል ሕግ አልተጻፈምና። ያሉት ከእነሱ ጋር በአንድ ላይ የምትቆጠር ጀልባ አይደለችም ነው። ዳኞቹም አቤቱታውን ተቀብለው ድሉን ነሷት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ መንታ ጀልባዎች በታላላቆቹ እሽቅድድሞች እንዳይገቡ በሩ ተዘጋባቸው። ሯጭ ከሁሉ ፈጥኖ ሲገባ እግሩ ረዘመ ተብሎ እንደ መከልከል ያለ ነገር ነው። ይሁን እንጂ ለተሸናፊዎቹ አንድ ቃል መናገር ይገባኛል፤ ፈረስና በቅሎ በአንድ ሜዳ ማሽቀዳደም ትክክል አይደለም ብሎ የሚከራከር ሰው ፈጽሞ ተሳስቷል ለማለት አልችልም። የተሳሳቱት ከሽንፈት በኋላ በመናገራቸው ነው።

ናት በሚቀጥለው ዓመት በ1877 ዓ.ም. የመንታ ጀልባውን የፈጠራ መብት በመንግሥት አስመዘገበ። ሌሎችም ጥቂት ሠርቶ ሸጠ፤ ከእነሱም ታራንቴላ የምትባለው ዝነኛ ናት። በጥሩ ነፋስ በሰዓት ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዱ ስለ ነበር በዚያ ዘመን ከእንፋሎት መርከብ ጋር የሚወዳደሩ ነበሩ። ነገር ግን ጀልባ የሚገዛው ሀብታም ሰው የሚገዛው ለእሽቅድድም ነው፤ እሽቅድድም የማይገባ ጀልባ ማን ይገዛል? ስለዚህ ከጥቂት ዓመት በኋላ መንታ ጀልባ መሥራቱን ተወ።

ከትምህርት ቤታችን ጓደኞች ለአንዱ ይህን ባጫወትሁት ጊዜ ናት ፈሪ ነበረ ብሎ ፈረደበት። እኔም መጀመሪያ እንዲሁ መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን ወንድሙን አሰብሁ። በ1878 ዓ.ም. ናት ከኮርሊስ ሥራውን ለቆ ከዐይነ ስውሩ ወንድሙ ጋር የሄረስሆፍ ፋብሪካን አቋቁሞ ነበር። ጆን ገንዘቡን፥ ዕቃውንና ደንበኛውን ይመራል፤ ናት ንድፉን ያወጣል። ጆን የጀልባ ዋጋ በቃሉ ያሰላ ነበር። ናት ከእንጨት ጀልባውን በትንሹ ሲቀርጽ ጆን ይወስደውና በጣቶቹ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ይዳስሰዋል፤ ጉድለት ካለበትም ዐይን ያላቸው ያላዩትን ያገኝ ነበር። የዚህ ሁሉ ሰው እንጀራ የሚሸጥ ጀልባ በመሥራት ላይ ነበረና ናት የሚወደውን ብቻ ለመሥራት መብት አልነበረውም። ይህ ፍርሃት ነው ለማለት አሁን አልደፍርም።

ለብዙ ዓመት የፋብሪካው ዋና ሥራ የእንፋሎት ጀልባ ነበር። ለባሕር ኀይል ፈጣን የቶርፔዶ ጀልባዎች ሠሩ። በ1888 ዓ.ም. ግን አንድ የእንፋሎት ጀልባ በሙከራ ላይ ሳለ ማሞቂያው ተጎድቶ አንድ ሠራተኛ ሞተ፤ ናትም የእንፋሎት መኪና የመንዳት ፈቃዱን ተነጠቀ። ከዚያ በኋላ ዐይኑን እንደ ገና ወደ ሸራ መለሰ።

በ1891 ዓ.ም. ግሎሪያና የምትባል ጀልባ ሠርቶ በመጀመሪያው ወቅት የገባችበትን ስምንት እሽቅድድም ሁሉ አሸነፈች። ከዚህም የተነሣ በ1851 ዓ.ም. የተጀመረውን የአሜሪካ ዋንጫ የተባለውን ታላቅ ውድድር የሚጠብቁ ጀልባዎችን እንዲሠራ ተመረጠ። በ1893 ቪጂላንትን፥ በ1895 ዲፌንደርን፥ በ1899 እና በ1901 ኮሎምቢያን፥ በ1903 ሪላያንስን፥ በ1920 ሪዞሉትን አሰልፎ ስድስት ጊዜ ዋንጫውን አስጠበቀ፤ አንድ ጊዜም አልተሸነፈ። ቪጂላንትን መሪዋን ይዞ የነዳት እሱ ራሱ ነበር። ሰዎች የብሪስቶል አስማተኛ ብለው ጠሩት። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ስም የሚወጣለት ሰው ደስ የሚለው አይመስለኝም፤ እዚያ ግን ምስጋና ነው። ሠራተኞቹ ካፕቴን ናት ይሉት ነበር። ሥራ በሚያይበት ጊዜ ብዙ የማይናገር፥ ቀልድ የማያበዛ ሰው ነበር ይባላል።

ከመንታ ጀልባው የተማረውን ነገር በእነዚህ ጀልባዎች ላይ አየዋለሁ፤ ይኸውም ሸራ የሚሸከመውን አካል ካልመሰለ ከንቱ መሆኑን ነው። አንዱን ብቻ ልናገር፤ ጋቢና ኩታ የሚያሸምኑ ወላጆቻችን ይህን በቀላሉ ይረዱታልና። ማንኛውም ጨርቅ ድርና ማግ አለው። በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ቢጎትቱት ብዙ አይለጠጥም፤ በሰያፍ ቢጎትቱት ግን ይለጠጣል። ቀድሞ የሸራ ቅዳዶች ከላይ ወደ ታች ተደርገው ይሰፉ ነበር። ነፋስ ሲበረታ የሸራው የኋላ ጠርዝ እየተለጠጠ ሸራው ቅርጹን ያጣል። ናት ቅዳዶቹን አዙሮ ከኋላው ጠርዝ ጋር በቀጥታ ማዕዘን እንዲገናኙ አደረገ፤ ስለዚህ ጭነቱን የሚቀበሉት ክሮች በጠርዙ ርዝመት ቀጥ ብለው የተሰለፉት ሆኑ። ሸራው ጠፍጣፋ ሆኖ ይቆያል። ከእሱ በኋላ ለብዙ ዘመን ሸራ ሰፊ ሁሉ ይህንኑ ተከተለ። ሸራው በምሰሶው ላይ በሐዲድ እየተንሸራተተ እንዲወጣና እንዲወርድ ያደረገውም እሱ ነው ይባላል።

ሁሉ ነገር ግን አልሰመረለትም። ዲፌንደርን ቀላል ለማድረግ ከውኃ በላይ ያለውን ክፍል በአሉሚንየም፥ ከውኃ በታች ያለውን በነሐስ ሠራው። በኬሚስትሪ የተማርን ልጆች የሚሆነውን እናውቃለን፤ ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውኃ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ይበላዋል። ዲፌንደርም ዋንጫውን አሸነፈችና በጥቂት ዓመት ውስጥ ተበልታ ተሰባበረች።

ከሁሉ የምትገርመው ሪላያንስ ናት። በአንድ ምሰሶ ላይ 1,500 ካሬ ሜትር ያህል ሸራ ተሰቀለባት፤ ይህም የእግር ኳስ ሜዳ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። ቁመቷ ከውኃው ላይ ወደ 60 ሜትር ይደርስ ነበር። ሸራዋን ለመያዝ ከስድሳ ሰው በላይ አስፈለጋት። ሕጉ የፈቀደውን ሁሉ እስከ ጫፉ ድረስ ወስዶ የሠራት ናት። በ1903 ዓ.ም. የእንግሊዞችን ጀልባ አሸንፋ፥ ከዚያ በኋላ ለሌላ ነገር ስላልተመቸች ዐሥር ዓመት ቆይታ ተሰባበረች።

አሁን የምጽፈውን ነገር ሳነብ ሁለት ጊዜ ደግሜ አነበብሁት። በዚያው በ1903 ዓ.ም. የኒው ዮርክ የጀልባ ክበብ አዲስ የእሽቅድድም ሕግ ተቀበለ፤ ሕጉንም ያወጣው ናትናኤል ሄረስሆፍ ነው። የጀልባውን ርዝመት፥ የሸራውን ስፋትና የጀልባውን ክብደት በአንድ ሒሳብ አያይዞ፥ ሸራ የበዛበት ጀልባ ብዙ እንዲቆጠርበት፥ ክብደት ያለውና ለባሕር የሚበቃው ደግሞ እንዲቀልለት የሚያደርግ ነው። እንግዲህ እንደ ሪላያንስ ያለ ጀልባ እንዳይሠራ የሚያግደውን ሕግ የጻፈው ሪላያንስን የሠራው ሰው ነው። በሃያ ስምንት ዓመቱ ባልተጻፈ ሕግ ተፈርዶበት የተባረረው ወጣት በአምሳ አምስት ዓመቱ የሁሉንም ሕግ ጸሐፊ ሆነ። በሕጉ ውስጥ ግን ለመንታ ጀልባ በር አልከፈተበትም። ለምን እንዳልከፈተ እኔ ብዙ አስቤ አላገኘሁትም፤ ቅር ያለኝም በዚህ ነው።

ጆን በ1915 ዓ.ም. ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ፋብሪካው ለሌሎች ባለሀብቶች ተላለፈ። ናት ግን መቅረጹን አልተወም። ከሥራዎቹ ሁሉ ልጆችን የሚያስደስተው በ1914 ዓ.ም. የሠራው ትንሽ ጀልባ ነው፤ አምስት ሜትር የማይሞላ፥ ልጆች ሸራ እንዲለማመዱበት የታሰበ ነው። ሪላያንስ አንድ ክረምት ብቻ ስትሮጥ፥ ይህች ትንሽ ጀልባ በመቶዎች ተሠርታ ዛሬም ልጆች ይማሩባታል። 

በ1933 ዓ.ም. ካፕቴን ናት ሰማንያ አምስት ዓመት ሲሆነው ልጁ ሲድኒ አንዲት መንታ ጀልባ ሠራ። ስሟንም አማሪሊስ ሁለተኛ አላት። አሁን በብሪስቶል በሄረስሆፍ ቤተ መዘክር ውስጥ ትገኛለች። ሽማግሌው ያረፈው ጁን 2 ቀን 1938 ዓ.ም. በተወለደባት ከተማ ነው።

ከሞተ ከአምሳ ዓመት በኋላ በ1988 ዓ.ም. አሜሪካኖች ለዚያው ለአሜሪካ ዋንጫ መንታ ጀልባ ይዘው ቀረቡ። ሸራዋም ጨርቅ ሳይሆን እንደ አውሮፕላን ክንፍ የቆመ ጠንካራ ነገር ነበር። አሸነፈች፤ ተቃዋሚዎቹም እንደ ጥንቱ ወደ ክርክር ሄዱ፤ ነገሩ በኒው ዮርክ ፍርድ ቤት ብዙ ተሟግቶ መጨረሻ ላይ ድሉ ጸናላት። በ2013 እና በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ውድድሩ የተደረገው በመንታ ጀልባዎች ብቻ ነው፤ ሁሉም ያ የክንፍ ሸራ ነበራቸው።

አንድ ነገር ረስቼ ነበር። በዚያ ዘመን የጀልባ ገመድ በብዙው የሚሠራው ማኒላ ከሚባል ቃጫ ነው፤ ከፊሊፒንስ ደሴቶች አባካ ከተባለ ተክል ይገኛል። አባካና የእኛ እንሰት በአንድ የተክል ቤተ ሰብ የሚቆጠሩ ዘመዳሞች ናቸው። ይህን ለወንድሜ ነገርሁት። ገመዱን መግመድ ሳያቋርጥ ሰማኝና፥ ያን በኩሬ የሞከርሁትን ጀልባ እንዳመጣለት ጠየቀኝ። አመጣሁለት። በጭኑ ላይ አድርጎ መጀመሪያ ምሰሶውን፥ ቀጥሎ ማሰሪያውን፥ በመጨረሻ ሁለቱን ቀርከሃዎች ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሳቸው። የግራው ከቀኙ በአንድ ጣት ያህል እንደሚረዝም ነገረኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስሞክረው አላየሁትም ነበር። ልኩን አስይዤ ቈረጥሁት፤ አሁን ዝናብ እየጠበቅሁ ነው።